ስለ ድሀ አደግ የሚናገር ማን ነው?

(በራዲዮ ከተሰሙት ንግግሮች አንዱ፤ ለአንባቢ እንዲመች ሆኖ የቀረበ)



በቋንቋችን «ጥበቃ» የሚለው ቃልና «ጠበቃ» የሚለው ቃል በጽሑፍ የሚለያዩት በመነሻ ፊደላቸው ብቻ ነው። ጥበቃ ማለት ደካማው ጉዳት እንዳይደርስበት መከላከል ሲሆን፣ ጠበቃ ማለት ደግሞ በዳኛ ፊት ስለ ሌላው ሰው ቆሞ የሚናገር ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት እንዲህ መቀራረባቸው የሚያስገርም አይደለም፤ የሚናገርለት ያጣ ሰው ሕግ ቢጻፍለትም እንኳ ጥበቃ አገኘ ለማለት አይቻልምና።

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንመለከተው ታሪክ ይኸው ነው። ወላጅ የሞተበት፣ ወይም ወላጅ እያለው የሚጠብቀው ያጣ ልጅ በአገራችን ሕግ እንዴት ሲጠበቅ ኖረ? ስለ እርሱ የሚሟገተው ጠበቃስ ራሱ በሕግ መጠበቅ ያስፈለገው ስለ ምንድን ነው? ብዙ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች ለየብቻቸው ያያቸዋል፤ የመጀመሪያው የርኅራኄ ጉዳይ፣ ሁለተኛው የአንድ ሙያ ባልደረቦች ጥቅም መስሎ ይታየዋል። የፍርድ ታሪካችንን ስንመረምር ግን ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ከወረቀት አልፎ እንደማይሄድ እንረዳለን።

ነገሩን በጠቅላላው ከማውራት ይልቅ አንድ አገር ይዘን ብንሄድ ይሻላል። ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከጉና ተራራ ደጋ ተነሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው አገር ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ይባላል። በዛሬው አከፋፈል በአማራ ክልል በደቡብ ጎንደር ዞን ውስጥ ነው። ነፋስ መውጫ የላይ ጋይንት፣ አርብ ገበያ የታች ጋይንት፣ ወገዳ የስማዳ፣ መካነ ኢየሱስ የእስቴ ዋና ከተሞች ናቸው። ሕግ የሚታወጀው በዋና ከተማ ነው፤ የሚፈተነው ግን በእንዲህ ያለው ሩቅ አገር፣ ከገደል በታች ባለች ጎጆ ውስጥ ነው። ይህን አገር የመረጥንበትም ምክንያት ከዚህ የተነሣ ነው።

በዚህ አገር፣ እንደ ሌላው በጌምድር ሁሉ፣ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የገበሬ ኑሮ መሠረቱ ርስት ነበር። ርስት በዋነኛው የሚገኘው በትውልድ ሲሆን፣ ባለመብት ነኝ የሚል ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ትውልዱን እየቆጠረ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ዘንድ መድረስ ነበረበት። ስለዚህ ርስት የሚጠበቀው በአጥር ሳይሆን በአንደበት ነበር ለማለት ይቻላል። አያት ቅድመ አያቱን በትክክል ቆጥሮ፣ ምስክር ጠርቶ፣ ዋስ አቁሞ መሟገት ያልቻለ ሰው ያባቱ እርሻ ዳር ድንበሩ ዐይኑ እያየ ይገፋ ነበር።

እንግዲህ አባቱ የሞተበትን የ7 ዓመት ልጅ እናስብ። ትውልድ መቁጠር አይችልም፤ ምስክር ቢጠራ የሚመጣለት የለም፤ ዋስም አያገኝም። ስለ እርሱ የሚቆጥርለት አጎቱ ነው። ነገር ግን አጎቱ የዚያው ርስት ተካፋይ ነው፤ የልጁ ድርሻ ቢጠፋ የአጎትየው ድርሻ ይሰፋል። ይህን ስንል አጎት ሁሉ ክፉ ነበር ማለታችን አይደለም። የወንድሙን ልጅ ከልጆቹ ሳይለይ አሳድጎ፣ ድሮ መሬቱንም እስኪጎለምስ ጠብቆ ያስረከበ ሰው በየመንደሩ አይጠፋም ነበር። ቁም ነገሩ የልጁ ዕጣ በአንድ ሰው ጠባይ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ መቅረቱ ነው። ደግ አጎት ላለው ልጅ ሕግ ባይኖርም ያድጋል፤ ሕግ የሚያስፈልገው አጎቱ ደግ ላልሆነለት ነው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» እየተባለ ይነገር ነበር፤ ዳሩ ግን ድሀ አደግ ሺህ ዓመት አይጠብቅም፤ የሚበላው ዛሬ ነው።

የጥንቱ ችሎት እንዴት ያለ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ከአባቶቻችሁ ሰምታችኋል። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ውሃ ይቆማል» የሚባለው ተረት ከንቱ አልነበረም፤ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ኩታቸውን አቆራኝተው መንገደኛውን ሳይቀር ዳኛ ያደርጉት ነበር። ተከራካሪዎቹ ከዛፍ ሥር ቆመው «ተጠየቅ» እያሉ አንዱ አንዱን ሲያፋጥጥ፣ በትሩን እየወዘወዘ በቅኔና በምሳሌ ሲናገር፣ አድማጩ እንደ ትልቅ ጨዋታ ይሰበሰብ ነበር። ጤፍ የሚቆላ ምላስ ያለው ሰው ይረታል፤ አንደበቱ የተያዘ ሰው እውነት ይዞ ይረታበታል። ነገር አዋቂ የሆነውም ሰው ነገረ ፈጅ ወይም ጠበቃ እየሆነ ስለ ሌላው ይሟገት ነበር። የመንግሥቱ ታላቅ ዳኛ ስሙ አፈ ንጉሥ መባሉን ልብ ይሏል። ንጉሡ ራሱ በችሎት አፍ ነበረው፤ አፍ ያልነበረው ሕፃኑ ነው።

ይባስ ብሎ ሕፃኑ የፍርድ መሣሪያ የተደረገበት ዘመን አለ። ሌባ ሻይ የሚባለውን ሥራ ታስታውሳላችሁ። ስርቆት በተፈጸመ ጊዜ አንድ ትንሽ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት እንዲጠጣና ጭስ እንዲስብ ተደርጎ፣ በመቀነት ታስሮ በመንደሩ ውስጥ ይለቀቅ ነበር፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ ከወደቀበት ቤት ባለቤቱ ሌባ ነው ተብሎ ይያዝ ነበር። በዚህ ሥራ የሚጎዳው በከንቱ የተያዘው ባለቤት ብቻ አልነበረም፤ ሰክሮ የሚወድቀው ልጅ አካልና አእምሮም ነበር። ስለ ባለቤቱ የሚጮህ ዘመድ አይጠፋም፤ ስለ ልጁ ጤና ግን በዚያ ችሎት የጠየቀ አልነበረም። ይህ ሥራ ኋላ በመንግሥት ትእዛዝ መቅረቱ ካገራችን የሕግ መሻሻል አንዱ ሆኖ ሊቆጠር ይገባዋል።

ከዚህ ጎን ለጎን ልማድ ያቆመው ጥበቃ እንደነበረም ሳንዘነጋ መናገር ይገባናል። በጋይንት የሚገኘው የቤተ ልሔም ደብር ድጓ የሚመሰከርበት ታላቅ የትምህርት ስፍራ በመሆኑ፣ ከሩቅም ከቅርብም ተማሪዎች ሲጎርፉበት ኖረዋል። የቆሎ ተማሪ የሚባለው ልጅ ከእናት ካባቱ ቤት ገና በልጅነቱ ወጥቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን ይዞ፣ በየደጁ እየለመነ ይማራል። እንዲህ ያለውን ልጅ የሚጠብቀው የተጻፈ ሕግ አልነበረም። የኔታ አባትም ሞግዚትም ዳኛም ይሆኑለታል፤ ባለ አገሩም የመንደሩን ተማሪ መመገብ እንደ ግዴታ ይቆጥረዋል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ይህ ጥበቃ በቸርነት ላይ የቆመ ስለሆነ፣ በድርቅ ዓመት እህል ሲጠፋ ቸርነቱም አብሮ መጥበቡ አልቀረም።

በጽሑፍ የታወቀው የጥንት ሕጋችን ፍትሐ ነገሥት ነው። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በአስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል በዓረብኛ ከተዘጋጀ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ሲሆን፣ ከ51 አንቀጾቹ 22ቱ መንፈሳዊውን፣ የቀሩት 29ኙ ሥጋዊውን ጉዳይ ይመለከታሉ። ስለ ውርስ፣ ስለ ኑዛዜና ስለ ሞግዚትነት የሚናገሩ ክፍሎች በውስጡ ስለሚገኙ፣ የሙት ልጅ ገንዘብ ጠባቂ እንዲኖረው ሕጋችን ከጥንት ጀምሮ አስቦበታል ማለት ነው። ነገር ግን መጽሐፉ በግዕዝ የተጻፈ፣ በሊቃውንት እጅ የሚገኝ፣ በትልልቅ ችሎት የሚጠቀስ ነበር። በስማዳ ቆላ ያለው ድሀ አደግ መጽሐፉ ስለ እርሱ መናገሩን የሚነግረው ሰው ያስፈልገው ነበር።

አዲሱ ዘመን የጀመረው ቀስ በቀስ ነው። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ፣ የፍርድ ሚኒስትርነቱን አፈ ንጉሥ ነሲቡ ያዙት። በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ፍርድ ቤቶች በደረጃ ተቋቋሙ፤ በ1939 ዓ.ም. ደግሞ ትንንሽ ነገሮችን በመንደር የሚያይ አጥቢያ ዳኛ እንዲኖር ታወጀ። ጠበቆችም በ1940ዎቹ ዓመታት በወጣው ደንብ እየተመዘገቡ በፍርድ ቤት መቆም ጀመሩ። ነገረ ፈጅነት ከምላስ ስጦታነት አልፎ መዝገብና ፈቃድ ያለው ሙያ መሆን የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚህ በኋላ የወጡት ትልልቅ ሕጎች ስለ ልጆች የደነገጉትን አንባቢ ቢያስተውለው መልካም ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል እንዳይጠየቅ፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውም እንደ ትልቅ ሰው እንዳይቀጣ ወሰነ። ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ገና በማኅፀን ያለ ፅንስ እንኳ ጥቅሙ የሚጠይቅ ሲሆንና በሕይወት ሲወለድ፣ እንደ ተወለደ ሰው እንዲቆጠር አደረገ። 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ አካሉንና አስተዳደጉን አሳዳሪ፣ ገንዘቡንና ንብረቱን ሞግዚት እንዲጠብቅለት ደነገገ። በሞግዚትም ላይ ተቈጣጣሪ አቆመበት፤ የልጁን የማይንቀሳቀስ ንብረት በራሱ ፈቃድ ብቻ እንዳይሸጥ፣ የያዘውንም ሀብት ሒሳብ እንዲያቀርብ አዘዘ። ከላይ የጠቀስነው የአጎትና የወንድም ልጅ ችግር በሕግ ፊት መልስ ያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ሞግዚቱን የሚጠብቀው ሌላ ዐይን ተጨመረበትና።

ከሁሉም ይልቅ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ይህ ሕግ የተከሰሰ ወጣት በቅርብ ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ወዲያው እንዲቀርብ፣ ነገሩም በዝግ ችሎት፣ ያለ ግርማና ያለ ማስፈራራት እንዲታይ አዘዘ። ከዚያም አልፎ፣ ወላጅ ወይም አሳዳሪ ቀርቦ ስለ ልጁ የማይናገርለት በሆነ ጊዜ፣ ወይም ክሱ ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ በሆነ ጊዜ፣ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ እንዲያቆምለት ደነገገ። እንግዲህ የሕፃኑ ጥበቃና የጠበቃው ሥራ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ተገናኙ። በዚያው ሕግ ሌላ አንቀጽ ደግሞ የታሠረ ሰው ሁሉ ጠበቃውን ወዲያው ጠርቶ እንዲያነጋግር ተፈቀደ።

ነገር ግን በቂ ጠበቃ ከየት ይምጣ? በአገራችን የመጀመሪያው የሕግ ፋኩልቲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ከወጣ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን በስማዳ ቆላ ፍርድ የጎደለበት ሰው ይግባኙን ይዞ ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር። ክረምት ሲሆን ወንዙ ይሞላል፤ ስንቅ ያልቃል፤ ቀጠሮ ያልፋል። «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» የሚለው ምክር ለጎልማሳ የተነገረ ነው። የ7 ዓመት ልጅ ወንዙንም አይሻገር፣ ለዳኛውም አይናገር።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስት ቀረ። ትውልድ መቁጠር የቀድሞ ዋጋውን አጣ፤ መሬት በገበሬ ማኅበር መዝገብ የሚታደል ይዞታ ሆነ፤ የመንደሩንም ክርክር የማኅበሩ የፍርድ ሸንጎ ያየው ጀመር። የድሀ አደጉ ችግር ግን መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ድሮ የሚጠየቀው «ያባትህ አባት ማን ነው?» ሲሆን፣ አሁን የሚጠየቀው «ስምህ ከመዝገቡ አለ ወይ?» ሆነ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረኃብ በአገራችን ብዙ ልጆች ወላጆቻቸውን ባጡ ጊዜ፣ ስማቸውን የሚያስመዘግብላቸው ሰው ማግኘት የሕይወት ጉዳይ ነበር። በኋላ ዘመን በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር ሲሰጥ፣ ወላጅ የሌላቸው ልጆችም በሞግዚት አማካይነት ባለይዞታ እንዲሆኑ ሕጉ መንገድ ከፈተ። ደብተሩ በልጁ ስም ይሁን እንጂ የሚያርሰው፣ የሚያከራየው፣ ምርቱን የሚሰበስበው ሌላ ሰው ስለሆነ፣ ሒሳቡን የሚጠይቅለት ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ በ1982 ዓ.ም. የሆነውን ነገር እናስታውስ። በዚያ ዓመት ኅዳር ወር የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የሕፃናትን መብት ስምምነት አጸደቀ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን መጀመሪያ፣ በኩባ ዋና ከተማ በሐቫና የተሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ደግሞ ስለ ጠበቆች ተግባር መሠረታዊ መርሖችን ተቀበለ። ከመርሖቹም አንዱ ጠበቃ ሥራውን በመሥራቱ ምክንያት ከደንበኛው ወይም ከደንበኛው ጉዳይ ጋር አንድ ተደርጎ እንዳይቆጠር የሚያዝ ነው። በእኛ አቈጣጠር ሁለቱም የአንድ ዓመት ሥራዎች ናቸው። የሕፃናቱን ስምምነት ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ተቀብላ በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ አጸናችው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ሥራ ሁሉ የሕፃኑ ጥቅም ቀዳሚ እንዲሆን፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ እንዲወከል፣ አቅም ሲያጣና ፍትሕ የሚጓደል ሲሆን መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ደነገገ።

ይህ ሁሉ በሩቁ አገር ያመጣውን ለውጥ በአንድ ምሳሌ እንመልከት። የ1953ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ ቀጥሎም በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አደረጉት። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም 13 ዓመት ያልሞላትን ልጅ ያገባ ሰው እስከ 7 ዓመት፣ 13 ዓመት የሞላትን ነገር ግን ለጋብቻ ያልደረሰችን ያገባ እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ አዘዘ። ሕጉ ግልጽ ነው። ነገር ግን በጋይንትም ሆነ በእስቴ አንዲት ልጅ ልትዳር ነው ተብሎ ሲነገር፣ ከሳሽ ሊሆን የሚገባው አባት ራሱ ዳሪው ነው። ዕድሜዋስ በምን ይታወቃል? አባት «18 ሞልቷታል» ቢል፣ ልጅቱ አልሞላኝም የምትልበት ወረቀት ከየት ታምጣ?

የዚህ ጉድለት ታሪክ ለመንግሥት ሠራተኛ ትምህርት አለው። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በክብር መዝገብ እንዲጻፍ ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ሕግ አንቀጽ 3361 ሥራው ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ እንዲቆይ ተደረገ። ትእዛዙ ሳይወጣ ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ሥራው በመላው አገር የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። እንግዲህ በ1953 ዓ.ም. የተወለደች የስማዳ ልጅ የልደት መዝገብ ሳይከፈትላት አያት ለመሆን ደርሳለች። ለሕፃን የመጀመሪያው ጠበቃ የልደት መዝገብ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም፤ እርሱ ዝም ካለ ሌሎቹ የሚናገሩት ሁሉ ማስረጃ ያንሰዋል።

ሁለተኛውን ምሳሌ ከፍርድ ቤት እናምጣ። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 አንድ ክርክር አየ። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳደገችው አክስት ስትሆን፣ አባት ልጁን እኔ ልውሰድ ብሎ ተከራከራት። ከሥር ያሉት ፍርድ ቤቶች አንደኛው ወላጅ ሲሞት ሌላው ብቻውን አሳዳሪና ሞግዚት ይሆናል የሚለውን የሕግ ቃል ይዘው ለአባት ፈረዱ። ሰበር ችሎቱ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናትን መብት ስምምነት ጠቅሶ፣ ቀዳሚው የልጁ ጥቅም ነው በማለት ፍርዱን ሻረው። በ1997 ዓ.ም. አዋጅ የሰበር ትርጓሜ በየትም ደረጃ ያሉትን ፍርድ ቤቶች የሚያስገድድ ስለሆነ፣ ይህ ውሳኔ የወገዳና የነፋስ መውጫ ዳኛም የሚመራበት ሆነ። ዳሩ ግን በዚያ ውሳኔ መጠቀም የሚቻለው ከችሎቱ ፊት ቆሞ የሚጠቅሰው ሲኖር ነው። አክስቲቱ እስከ ሰበር ባትደርስ ኖሮ ውሳኔው ራሱ አይወለድም ነበር።

አሁን ወደ ጠበቃው ጥበቃ እንመለስ። በገጠር ሙግት ከጠብ ተለይቶ አይታይም። ደም መመለስ እንደ ወንድነት በሚቆጠርበት ስፍራ፣ ስለ ድሀ አደግ መሬት የሚሟገት ወይም የሕፃናትን ጋብቻ የሚቃወም ጠበቃ የባላጋራ ወገን፣ አንዳንዴም ደመኛ ሆኖ ሊታይ ይችላል። እንዲህ ያለው ጠበቃ ቢፈራ ምን ይሆናል? ባለጠጋው ሌላ ጠበቃ ይቀጥራል፤ ጎልማሳው ራሱ ይናገራል፤ ዝም የሚለው ሕፃኑ ብቻ ነው። ጠበቃ በሕግ የሚጠበቀው ከሌላው ሰው በላይ እንዲከበር ሳይሆን፣ የጠበቃው ፍርሃት በመጨረሻ የሚያርፈው በደካማው ላይ ስለሆነ ነው።

የጠበቃው ምስጢር መጠበቁም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አባቷ የሚድራት ልጅ ወይም ሞግዚቱ የበደለው ወጣት ችግሩን ለጠበቃ ሲነግር፣ የተናገረው ዞሮ ወደ በዳዩ ጆሮ የሚደርስ ከሆነ አንደበቱን አይከፍትም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት አዋጅ የጠበቃንና የደንበኛን ምስጢር ከመጠበቁም በላይ፣ ጠበቆች የሚተዳደሩበት የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር እንዲቋቋም አደረገ። ጥበቃ ያለ ግዴታ አልተሰጠም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት 50 ሰዓት አቅም ለሌላቸው ሰዎች በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲሠራ አዝዞ ነበር። ጠበቃው ይህን ግዴታ ዘንግቶ ክብሩን ብቻ ቢጠይቅ፣ ጥበቃው ለሕፃኑ ሳይሆን ለራሱ ብቻ ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የሰላም ነገር አይዘነጋም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የፍርድ ቤቶች ሥራ በብዙ ወረዳ ታውኳል። ችሎት ሲዘጋ ጎልማሳው ቀጠሮውን ይጠብቃል፤ ሕፃን ግን በቀጠሮ አያድግም። አንዲት ልጅ በ13 ዓመቷ ተድራ፣ ፍርድ ቤቱ በ16 ዓመቷ ቢከፈት፣ የሚመለስላት ነገር ጥቂት ነው።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የምትይዙ፣ ማኅተም የምታሳርፉ፣ ደብዳቤ የምትመሩ ናችሁ። ጠበቃም ዳኛም ባትሆኑ በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላችሁ። የልደት ቀን በግምት ሳይሆን ተጠይቆና ተጣርቶ ቢጻፍ፣ ከ10 ዓመት በኋላ አንዲትን ልጅ ያድናታል። የሞግዚትነት ማስረጃ የያዘ ሰው የልጁን መሬት ሊያስተላልፍ ሲመጣ የፍርድ ቤቱ ፈቃድ የት አለ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ነገረኝነት ሳይሆን ሕግን መጠበቅ ነው። አንድ ጠበቃ የደንበኛውን ሰነድ ለማየት በመስኮታችሁ ሲቆም፣ «የእነ እገሌ ሰው ነው» ተብሎ ሳይመላለስ በወጉ ቢስተናገድ፣ ከበስተኋላው ያለው ማን እንደሆነ አይታወቅምና ምናልባት አንድ ድሀ አደግ ተስተናግዷል።

ባገራችን ስለ ልጆች የተጻፈው ሕግ ጥቂት አይደለም፤ ከፍትሐ ነገሥት ጀምሮ እስከ ዛሬው የቤተሰብ ሕግ ድረስ ሲጨመርበት ኖሯል። ሕጉን ከመጽሐፉ አንሥቶ ከበሽሎ ማዶና ማዶ ላለው ልጅ የሚያደርሰው ግን ሰው ነው። መዝጋቢው በትክክል ሲጽፍ፣ ሞግዚቱ በታማኝነት ሲጠብቅ፣ ጠበቃው ሳይፈራ ሲናገር፣ ዳኛውም የልጁን ጥቅም ሲያስቀድም ጥበቃ የሚለው ቃል ሥራ ይሆናል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል፣ የጎደለውን ልጁ ራሱ ሊሞላው አይችልም።